ብሮር ሬክሴድን «አንተ» ልበለው ወይስ «እርስዎ»?

ይህን ጽሑፍ ስጀምር ገና የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ተቸገርኩ። የምጽፈው ስለ አንድ ስዊድናዊ ፕሮፌሰር ነው። «ተወለደ» ልበል ወይስ «ተወለዱ»? በእንግሊዝኛ ብጽፈው ይህ ጥያቄ ባልተነሳ ነበር። በአማርኛ ግን ግሡ ገና ሳያልቅ ሰውየውን የት እንዳስቀመጥኩት ይታወቃል። ፕሮፌሰር ናቸው፣ ዕድሜ ጠግበው ነው የሞቱት፣ የአያቶቻችን እኩያ ናቸው። እናቴ ይህን ብታነብ «ምን ዓይነት ድፍረት ነው!» ማለቷ አይቀርም። ነገር ግን ሰውየው በአገሩ ስሙ ከሚነሳባቸው ነገሮች አንዱ «አንተ በሉኝ» ማለቱ ነው። ስለዚህ በራሱ ፈቃድ «ተወለደ» እላለሁ። ለምን እንደዚያ እንዳለ፣ ለእኛስ ምን እንደሚነግረን ወረድ ብዬ እመለስበታለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ግን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

ብሮር ሬክሴድ በ1914 በምዕራብ ስዊድን ቬርምላንድ በሚባለው ክፍለ ሀገር ተወለደ። «ብሮር» በስዊድንኛ «ወንድም» ማለት ነው። ሕክምና ተምሮ ወደ ምርምር ገባ፣ ከዚያም በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የአናቶሚ ፕሮፌሰር ሆነ። ከእናንተ መካከል ሕክምና፣ ነርሲንግ፣ ፊዚዮቴራፒ ወይም የነርቭ ሳይንስ የምትማሩ ስሙን ታውቁታላችሁ። «የሬክሴድ ላሚናዎች» የሚለው ርዕስ የሌለበት የነርቭ አናቶሚ መጽሐፍ ማግኘት ከባድ ነው። እኔም ስሙን መጀመሪያ ያገኘሁት እንደ ብዙዎቻችሁ በፈተና ዋዜማ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ቁጥሮቹን እንደ ውዳሴ ማርያም እየደጋገምኩ ነው። ስለ ሰውየው ምንም አላወቅኩም ነበር።

ሥራውን ለመረዳት መጀመሪያ ኅብለ ሰረሰር ራሱ ምን እንደሆነ ላስታውሳችሁ። በጎልማሳ ሰው ርዝመቱ 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ውፍረቱ ከትንሽ ጣት እምብዛም አይበልጥም። በአከርካሪ አጥንቶቹ መካከል ወርዶ ወገብ አካባቢ ያበቃል። ከግራና ቀኙ 31 ጥንድ ነርቮች ይወጣሉ። ከአንገት በታች ያለው አካላችን ለአንጎል የሚልከው ወሬ፣ አንጎልም ለእጅና ለእግር የሚልከው ትእዛዝ ከሞላ ጎደል በዚህች ቀጭን ገመድ ያልፋል። ገመዱን እንደ ካሮት አግድም ብትቆርጡት በመካከሉ ክንፉን የዘረጋ ቢራቢሮ የሚመስል ግራጫ ቅርጽ ታያላችሁ። የነርቭ ሕዋሶቹ ያሉት እዚያ ነው። የኋላዎቹ ክንፎች ከቆዳ፣ ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የሚመጣውን መልእክት ይቀበላሉ። ከፊተኞቹ ክንፎች ደግሞ ጡንቻን የሚያንቀሳቅሰው ትእዛዝ ይወጣል።

ከሬክሴድ በፊት የነበሩ አናቶሚስቶች ይህን ቢራቢሮ መቶ ዓመት ያህል ሲመረምሩት ቆይተዋል። ችግሩ እያንዳንዱ አንድ ነጥብ ያገኝና ስም ይሰጣል፣ ብዙ ጊዜም የአግኚው ስም ይለጠፍበታል። የጣሊያናዊው የሮላንዶ ክፍል፣ የእንግሊዛዊው የክላርክ ዓምድ እየተባለ ይቀጥላል። ጥቂት መንደሮች ብቻ ተሰይመውበት ሌላው ባዶ የቀረ ካርታ በሉት። አንዱ ተመራማሪ ያየውን ሌላው በሌላ ስም ይጠራዋል። ስም በሌለው ቦታ ላይ የታየውን ነገር ደግሞ ለሌላ ሰው በትክክል ማመልከት አስቸጋሪ ነበር።

ሬክሴድ ያደረገው ነገር ሲነገር ቀላል ይመስላል። የድመትን ኅብለ ሰረሰር ወስዶ ቆራረጠ፣ የሕዋሶችን አካል ጎልቶ እንዲታይ በሚያደርገው የኒስል ቀለም ቀባ፣ ከዚያም በማይክሮስኮፕ አየ። የጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ሕዋሶቹ በመጠን፣ በቅርጽና በአቀማመጥ የሚለያዩት የት ላይ ነው? የቀድሞዎቹን ስሞች ወደ ጎን አድርጎ ያየውን ብቻ ሲከተል ግራጫው ክፍል፣ በተለይ በኋላኛው ክንፍ፣ በመሶብ እንደተደራረበ እንጀራ አንዱ በሌላው ላይ ተነባብሮ አገኘው። በ1952 ባሳተመው ጽሑፍ ዘጠኝ ላሚናዎችንና በመካከለኛዋ ቦይ ዙሪያ ያለ አሥረኛ ቀጠና ለየ። በ1954 ደግሞ ከላይ እስከ ታች ገመዱን የሚከተል አትላስ አወጣ። ለክፍሎቹ የሰጣቸው ስም የሮማውያን ቁጥር ነው። በራሱ ስም አልሰየማቸውም። «የሬክሴድ» ያላቸው የተከተለው ትውልድ ነው።

ሥራው ሐቀኛ መሆኑን የሚያሳየኝ አንድ ነገር አለ። ንብርብሩ በየቦታው እኩል አይደለም። 6ኛው ላሚና ጎልቶ የሚገኘው ገመዱ ወፈር በሚልባቸው፣ የእጅና የእግር ነርቮች በሚወጡባቸው ሁለት ቦታዎች ነው። 9ኛው ደግሞ ጡንቻን የሚያንቀሳቅሱት ትልልቅ ሕዋሶች የተሰባሰቡበት ሲሆን ንጣፍ ሳይሆን ቡድን ቡድን ሆኖ ነው የሚታየው። ሥርዓት የሚወድ ሰው ይህን ሁሉ አለስልሶ ቆንጆ ሥዕል ሊያወጣ ይችል ነበር። ሬክሴድ ግን የማይመቸውን ነገር ጭምር እንዳየው መዘገበው።

በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ ላሚና ምን እንደሚሠራ በአብዛኛው አይታወቅም ነበር። ካርታው የቅርጽ ካርታ ነው። ሥራው የታወቀው ሌሎች ካርታውን ይዘው ሲሄዱ ነው። በ1965 ሜልዛክና ዎል ሕመም ወደ አንጎል ከመድረሱ በፊት ኅብለ ሰረሰር ላይ «በር» እንዳለው የሚገልጽ ጽንሰ ሐሳብ ሲያቀርቡ የበሩን ዘበኛ ያስቀመጡት 2ኛው ላሚና ካለበት ቦታ ነው። በ1970 ክሪስተንሰንና ፐርል 1ኛው ላሚና ውስጥ ጉዳት ሲደርስ ለይተው ምላሽ የሚሰጡ ሕዋሶች መኖራቸውን አሳዩ። ሞርፊን በጀርባ ሲሰጥ ሕመምን የሚያደነዝዘው በዋናነት እነዚሁ የላይኛዎቹ ንብርብሮች ላይ ሠርቶ ነው። ፖሊዮ እግር የሚያሽመደምደው ደግሞ የ9ኛውን ላሚና ሕዋሶች ስለሚገድል ነው። የድመቱ ካርታ ለሰውም ሠርቷል፤ ከ70 ዓመት በኋላ ዛሬም የምናጠናው እሱኑ ነው።

እዚህ ላይ የሬክሴድ ታሪክ ቢያልቅ ኖሮ ለክፍል ጓደኞቼ እንጂ ለሁላችሁም አልጽፍም ነበር። በ1967 ሬክሴድ ላቦራቶሪውን ትቶ የስዊድን የሕክምና ጉዳዮች መሥሪያ ቤት ዋና ዳይሬክተር ሆነ። ለሠራተኞቹ ባደረገው የመጀመሪያ ንግግር ሁሉንም «ዱ»፣ ማለትም «አንተ» ወይም «አንቺ» እንደሚል፣ እነሱም እሱን «ብሮር» ብለው እንዲጠሩት ተናገረ። አገሩ ሁሉ አወራው። ዛሬ ስዊድናውያን ከንጉሣዊው ቤተሰብ በቀር ማንንም ሰው «ዱ» ይላሉ፣ ለውጡ ሲነሳም የሬክሴድ ስም አብሮ ይነሳል።

ይህ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ የሚገባን የቀድሞውን ልማድ ስናውቅ ነው። በዚያ ዘመን ስዊድን ውስጥ የማትቀርቡትን ሰው በቀጥታ ማናገር ከባድ ነበር። «ዳይሬክተሩ ቡና ይፈልጋሉ?» ብላችሁ ዳይሬክተሩን ፊት ለፊት በማዕረጋቸው ትጠይቃላችሁ፣ ሌላ ሰው የምታሙ ይመስል። ማዕረጉን ካላወቃችሁ ዓረፍተ ነገሩን አጣማችሁ «ቡና ይፈለግ ይሆን?» ማለት ነው። «ኒ» የሚል ተውላጠ ስም ነበራቸው፤ ነገር ግን የበላይ ማዕረግ የሌለውን ሰው የሚጠራበት ስለነበር ብዙዎች እንደ ስድብ ነበር የሚሰሙት። «አንተ» ለመባባል ደግሞ በዕድሜ ወይም በሥልጣን የሚበልጠው ሰው ቀድሞ «ማዕረጉን እንተወው» ብሎ መፍቀድ ነበረበት። ልብ በሉ፣ ሬክሴድም ያደረገው ይህንኑ ነው። በወጉ መሠረት የመፍቀድ መብት ያለው አለቃው ነበርና ለአንድ ሰው ሳይሆን ለመሥሪያ ቤቱ በሙሉ ፈቀደ። ለውጡን ብቻውን አላመጣውም፤ ወጣቶቹና አንዳንድ የሥራ ቦታዎች ቀድመው ጀምረውት ነበር። አንቱ የተባለ ፕሮፌሰርና ባለሥልጣን በይፋ ሲለው ግን ሌላው ሰው ለመከተል ድፍረት አገኘ።

ሬክሴድ እስከ 1978 በዚያ ኃላፊነት ሠራ፤ ከዚያም በተባበሩት መንግሥታት ሥር የአደንዛዥ ዕፅ መቆጣጠሪያ ሥራ መራ። በ2002 በ88 ዓመቱ አረፈ።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለችኝ አገሬ አይደለችም፤ እትዬ ናቸው። እትዬ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። ባለፈው ዓመት እግራቸውን እየጎተቱ መሄድ ጀመሩ። የልብሳቸውን ቁልፍ መቆለፍ አቅቷቸው ለእኔ ይሰጡኝ ነበር። ነጠላ ጫማቸው ከእግራቸው ወልቆ ሳይታወቃቸው በባዶ እግራቸው ሲሄዱ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። ሐኪም ቤት ይዤያቸው ሄድኩ። ዶክተሩ ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፤ ስሙን ብቻ ነግሮ «እንዲህ በሉኝ» አለ፣ ልክ እንደ ሬክሴድ። በስልክ ያለው አስተርጓሚ «ምን ያምዎታል?» ሲላቸው እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ፣ ትንሽ ድካም ነው፤ ዶክተሩን እግዜር ይስጥልኝ በሉልኝ» አሉ። ዶክተሩም ቫይታሚን አዘዘላቸው። ወደ መኪናው ስንመለስ «ለምን አልነገሩትም?» ስላቸው «ልጄ፣ ስንት የታመመ ሰው እየጠበቀው እኔ በጫማ ልጨቅጭቀው?» አሉኝ።

ከሁለት ወር በኋላ በተመለስንበት ቀንም ይኸው ተደገመ። ለዚህ ዶክተሩን አልወቅስም፤ እትዬንም አልወቅስም። እኔስ? አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ጫማውንም ቁልፉንም አውቃለሁ። የእጅ ድንዛዜና የእግር መጎተት አብረው ሲመጡ አንገት ላይ ኅብለ ሰረሰር እየተጫነ ሊሆን እንደሚችል በዚያው ሴሚስተር ተምሬ፣ ጥያቄው ፈተና ላይ መጥቶ መልሻለሁ። እትዬ «ደህና ነኝ» ሲሉ ግን «የለም፣ ደህና አይደሉም» ብዬ በሰው ፊት ታላቄን ማስተባበል አልቻልኩም። አፌ ተሳሰረ። ለሦስተኛው ቀጠሮ ነው የደፈርኩት። ኤም አር አይ ሲነሱ ገመዱ አንገታቸው ላይ በእርግጥም ተጨምቆ ነበር። ኦፕራሲዮን ሆኑ። አሁን በከዘራ ይሄዳሉ፣ ተመስገን። የጣቶቻቸው ድንዛዜ ግን ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም። ነርቭ ተጭኖ በቆየ ቁጥር የመመለስ ተስፋው እንደሚቀንስ ስለማውቅ እነዚያን ወራት እቆጥራቸዋለሁ።

እንግዲህ አስተያየቴ ይህ ነው። በማኅበራችን ውስጥ ስለ አክብሮት ክርክር ሲነሳ ሁለት ወገን እሰማለሁ። አንደኛው «አንቱታ ኋላ ቀር ነው፣ እንደ ፈረንጆቹ ሁሉንም አንተ እንበል» ይላል። ሁለተኛው «ባህላችን ነው፣ አትንኩት» ይላል። የሬክሴድን ንግግር የመጀመሪያው ወገን ለራሱ ማስረጃ ሊያደርገው ይችል ይሆናል። እኔ ግን ከሁለቱም አልስማማም።

የስዊድን ችግርና የእኛ ችግር አንድ አይደለም። እነሱ ማዕረጉን የማያውቁትን ሰው በክብር የሚጠሩበት ቃል አልነበራቸውም። እኛ አለን። «እርስዎ» ለማንም ይሆናል፤ ለሚኒስትርም፣ አውቶቡስ ውስጥ አጠገባችን ለተቀመጡ የማናውቃቸው እናትም። ማዕረግ አይጠይቅም። ሬክሴድ ያፈረሰው አጥር በእኛ ቋንቋ በዚያ መልኩ የለም። እትዬን «አንቺ» ማለት ብጀምር ኖሮ ጫማቸው መውለቁን ለዶክተሩ የሚነግሩት አይመስለኝም። ይልቁንም ለእኔም መናገር ባቆሙ ነበር። ዶክተሩም በስሙ እንዲጠሩት ፈቅዶ ነበር፤ እትዬ ግን ዝም አሉ። ተውላጠ ስሙ ብቻውን አፍ አይከፍትም።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ ባህል የሚለውን ነገር ሳይለያይ በአንድ ጆንያ ይከተዋል። ማክበር አንድ ነገር ነው፤ ዝም ማለት ሌላ ነገር ነው። ሁለቱ ለረጅም ጊዜ አብረው ስለኖሩ አንድ ይመስሉናል፤ ሬክሴድ ማይክሮስኮፑ ሥር ያደረገው ግን አንድ የሚመስለውን ግራጫ ነገር ቀረብ ብሎ አይቶ መለየት ነበር። የእኛም አባቶች ይህን ልዩነት ያውቁታል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት እነሱ ናቸው። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ያሉትም እነሱ ናቸው። ከልማዳችን ውስጥ «አንቱ» የሚለውን ይዘን እነዚህን ሁለቱን ረስተናቸዋል።

ይህ የሐኪም ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። እዚህ ኮሌጅ ስንገባ ብዙዎቻችን ፕሮፌሰሮቻችን ለተማሪ በመደቡት ሰዓት ቢሯቸው ሄደን «ይህ አልገባኝም» ለማለት ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅብን እናውቃለን። መምህር ማስቸገር፣ አለማወቅን ማሳየት፣ ሲሳሳቱ ማረም ሁሉ ነውር ይመስለናል። በራሳችን ስብሰባም ቢሆን አንጋፋዎቹ ከተናገሩ በኋላ አዲስ የገቡት ተማሪዎች «እኔም እንደተባለው ነው» ብለው ይቀመጣሉ። ከዚያ በሦስተኛው ወር ከማኅበሩ ይጠፉና «ምነው ቀሩ?» እንላለን።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ሦስት ትንንሽ ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ታላቆቻችንን ሐኪም ቤት ይዘን ስንሄድ ከዋዜማው ቡና ተፈልቶ ሳለ እንጠይቃቸው። «ደህና ነዎት?» ብለን ሳይሆን «ቁልፍ ይቆልፋሉ? ደረጃ ሲወጡ ምን ይሆናሉ? ጫማዎ ሲወልቅ ይታወቅዎታል?» ብለን እንጠይቅ። መልሱን በወረቀት ጽፈን «ይህን ለዶክተሩ ልስጥልዎ?» ብለን ፈቃዳቸውን እንለምን። እትዬ ይህን ሳደርግ አልተቆጡም፤ እንዲያውም ቀለል ብሏቸው ነበር። ሁለተኛ፣ በየሳምንቱ የጥናት ቡድናችን አስጠኚ የሆንን «ገባችሁ?» ማለቱን እንተው። ለእሱ ሁሉም «አዎ» ነው መልሱ። «የቱ ጋ ነው ያልገባችሁ?» እንበል። ሦስተኛ፣ በስብሰባ ላይ ሰብሳቢውና አንጋፋዎቹ መጨረሻ ላይ እንናገር። ሬክሴድ እንዳደረገው ፈቃዱ ከላይ ካልመጣ ከታች ያለው ሰው አይደፍርምና።

ስለ ሰውየው ሳስብ ደስ የሚለኝ ሁለቱ ሥራዎቹ በአንድ ሰው እጅ መሠራታቸው ነው። አንዱ ከእግር የተነሳ ወሬ መጀመሪያ የሚደርስበትን ቦታ ካርታ ሠራ፤ ሌላው ከበታች ያለ ሰው አለቃውን በቀጥታ ማናገር እንዲችል አደረገ። እኔ ሁለተኛውን በስዊድኖቹ መንገድ አልከተለውም። እትዬን ዛሬም «እርስዎ» ነው የምላቸው። ባለፈው ሳምንት ሻይ ይዤላቸው ሄጄ «ጣትዎ እንዴት ነው?» ስላቸው «ደህና ነው» አሉኝ። «የቱ ጣት?» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ይህችኛዋ ገና ናት» ብለው የቀኝ እጃቸውን ዘረጉልኝ።

የጥናት ቡድኑ እንደተለመደው ይቀጥላል፤ የነርቭ አናቶሚ የሚያስቸግራችሁ ኑ፣ ላሚናዎቹን አብረን እንስላለን። አስተያየቴን የማትቀበሉም ጻፉልኝ፤ «አንቺ ተሳስተሻል» ብላችሁ መጀመር ትችላላችሁ። መልካም የፈተና ሰሞን፣ ቸር ያሰንብተን።